ሙሴ ልጁን ለምን ጌርሳም አለው?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጉዲፈቻ ነው። ስለ አሳዳጊዎቹ አይደለም፤ ስለ ልጆቹ ልብ ነው።

ዘጸአት ምዕራፍ 2ን ክፈቱ። ሙሴ ከውኃ ወጥቶ በፈርዖን ልጅ እጅ አደገ። ምን ጎደለው? ቤተ መንግሥት እኮ ነው! ሆኖም ልጁን ጌርሳም አለው፤ በሰው አገር እንግዳ መሆኑን በልጁ ስም ላይ ጻፈው። ስሙን ያወጣው በምድያም ነው፤ እንግድነቱ ግን ከምድያም የጀመረ አይመስለኝም።

አንድ ወንድም ከአገልግሎት በኋላ ሊያነጋግረኝ መጣ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በጉዲፈቻ ማደጉን የሰማው አሳዳጊ አባቱ ሲሞት፣ በለቅሶው ድንኳን ከጎረቤት አፍ ነው። «ፓስተር፣ አባቴን ላልቅስለት ወይስ ልቀየመው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም።

ይህ ሰው ተወዷል፣ ተምሯል። ግን ፍቅርና ኀዘን በአንድ ልብ አብረው ያድራሉ። ብዙዎቹ «ለምን ሰጡኝ?» የሚል ጥያቄ ይሸከማሉ፤ ውለታ ቢስ እንዳይባሉ ዝም ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ እንዳይተዉት ፈርቶ ከልክ በላይ ታዛዥ ይሆናል፤ እኛም «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ!» እንላለን።

ባሕር ማዶ ላደጉት ቋንቋውም ይጨመራል። በ2002 ዓ.ም. ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ አገራችን የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ የከለከለችው በ2010 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አድገው ወላጆቻቸውን ፍለጋ ሲመጡ፣ ከገዛ እናታቸው ጋር በአስተርጓሚ የሚነጋገሩ አሉ።

እኛ ሰባኪዎች ሮሜ 8፥15 ላይ ስለ ልጅነት መንፈስ ሰብከን፣ ሃሌ ሉያ ብለን እንዘጋለን። እስቲ እስከ ቁጥር 23 አንብቡ። የመንፈስን በኩራት የተቀበሉት ራሳቸው ልጅነትን እየተጠባበቁ ይቃትታሉ! ልጅ መሆንና መቃተት በጳውሎስ ዘንድ አይጣሉም። ታዲያ የጉዲፈቻ ልጅ ሲያለቅስ «አመስግን እንጂ!» የምንለው ከየት አምጥተን ነው? (እኔም ብያለሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።)

አሳዳጊ ከሆንክ ከሕፃንነቱ ጀምረህ ንገረው፤ ሰው ሳይቀድምህ፣ ደጋግመህ። የወላጅ እናቱን ስም ካወቅህ በቤተሰብ ጸሎት ላይ ጥራት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም ሊል ይችላል፤ አታስጨንቀው። ከቀናት በኋላ «እሷ ምን ትመስል ነበር?» ብሎ ከመጣ፣ የያዝከውን ሥራ አስቀምጥና የምታውቀውን ያህል ንገረው።