ፀሐይ ስትጠልቅ በባሕር ዳር ስለሚቀርብ የጋብቻ ጥያቄ

በአገራችን ልማድ ጋብቻ የሚጠየቀው በሽማግሌ መሆኑን የማያውቅ የለም። ልጁን ለመዳር ያሰበ አባት የተከበሩ ሽማግሌዎችን መርጦ ወደ ልጅቱ ወላጆች ይልካል፤ እነርሱም ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» ይላሉ። ዛሬ ግን በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን፣ ይልቁንም በአሜሪካ ያሉት፣ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ልጅቱን ራስዋን ለብቻዋ መጠየቅን ልማድ አድርገውታል። ለዚህም ብዙዎቹ የሚመርጡት ሰው የማይበዛበትን የባሕር ዳርቻ፣ ከሰዓትም ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት ነው። ይህን ሲሰሙ የፈረንጅ ጨዋታ ነው ብለው የሚያቃልሉ ወላጆች አሉ። እኛ ግን ነገሩ በደንብ ከታሰበበት የሚናቅ አይደለም እንላለን።

የሽማግሌው ሥርዓት አንድ ታላቅ ጥበብ አለው፤ ይኸውም ለእንቢታ መጠለያ መስጠቱ ነው። የልጅቱ ወላጆች ነገሩን ባይወዱት እንኳ «እንመካከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላሉ እንጂ እንቢታውን በጠያቂው ልጅ ፊት አይወረውሩትም። ጉድለቱ ደግሞ ልጅቱ ራስዋ ብዙ ጊዜ ሳትጠየቅ መቅረትዋ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ጋብቻ የሚጸናው ሁለቱ ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ብቻ መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ ወጣቱ ልጅቱን ለብቻዋ ሲጠይቅ ይህ ጉድለት ይሞላል፤ ነገር ግን በመካከላቸው ሽማግሌ ስለሌለ መጠለያው ይፈርሳል። ስለዚህ የሽማግሌውን ሥራ ቦታው ሊሠራው ይገባል። በሞላ የምግብ አዳራሽ መካከል፣ እንግዳው ሁሉ ለማጨብጨብ እጁን አንሥቶ ሲጠብቅ፣ አንዲት ጨዋ ልጅ እንዴት አድርጋ «ጊዜ ስጠኝ» ትላለች? ገለል ያለ ቦታ የሚፈለገው ለውበቱ ብቻ ሳይሆን ልጅቱ የልብዋን እንድትመልስ ነው። ዝግጅቱም ሁሉ በዚህ ሊመዘን ይገባል።

ምሳሌ እንዲሆነን ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሎስ አንጄለስ ከተማ እንነሣ። በዚያ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ያለው የአበሾች ሠፈር በ1994 ዓ.ም. በከተማው ምክር ቤት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ከዚያ ተነሥቶ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር በሚሄደው ጎዳና ወደ ምዕራብ ኀምሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው በማሊቡ ግዛት ከተራራው ግርጌ ሦስት ትንንሽ የመንግሥት ባሕር ዳርቻዎችን ያገኛል። ስማቸው በእስፓኝ ቋንቋ ኤል ፔስካዶር፣ ላ ፒዬድራ፣ ኤል ማታዶር ይባላል፤ ዓሣ አጥማጁ፣ ድንጋዩ፣ ከበሬ ጋር ተጋዳዩ ማለት ነው። ለጋብቻ ጥያቄ ከሦስቱ ስሞች የትኛው እንደሚስማማ አንባቢ ይፍረድ፤ ዝናው የገነነው ግን የተጋዳዩ ነው። ከገደል ሥር ያለ አሸዋ ሲሆን በውኃው ውስጥ ታላላቅ ዐለቶች እንደ ዐምድ ቆመውበታል፤ ማዕበሉ የፈለፈላቸው ዋሻዎችም አሉበት። ዝናው ስለ ወጣ በበዓልና በሰንበት ሰው ይበዛበታል። ስለዚህ ብቸኝነት የፈለገ ሰው በሥራ ቀን ይሂድ፤ አለዚያም ወደ ሁለቱ ጸጥተኞች ወንድሞቹ ይለፍ።

ከቦታው ይልቅ ብዙ ሰው የሚስተው ወሩን ነው። የማሊቡ ዳርቻ ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ምዕራብ አዘንብላ ስለምትገባ የምትሰወረው ከየብሱ በስተጀርባ ነው፤ ወጣቱ በባሕሩ ላይ ስትጠልቅ ለማሳየት ያመጣትን ፀሐይ ተራራው ይወስድበታል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለምትገባ በቀጥታ በውኃው ላይ ትጠልቃለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ጾመ ነቢያት የሚጾምባቸው ስለሆኑ፣ ከጥያቄው በኋላ ለሚታሰበው ራት የልጅቱን ጾም ማሰብ ያሻል። እኛ የምንመርጠው ጥርን ነው፤ ልደት አልፎ፣ በአገር ቤትም የሠርግ ወራት ገብቶ ሳለ። በዚያ ወር በሎስ አንጄለስ ፀሐይ የምትጠልቀው በአገራችን አቆጣጠር ከ11 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ከጠለቀችም በኋላ መንገድ የሚያሳይ ብርሃን የሚቆየው ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ቀጥሎ የባሕሩ ነገር አለ። ውኃው በቀንና በሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ኀምሳ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። በካሊፎርኒያ ደቡብ በክረምታቸው ታላቁ ጉድለት የሚሆነው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ በጥር ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ያለው ቀን እጅግ የተመቸ ነው፤ አሸዋው ይሰፋል፣ ወደ ዐለቶቹም ያስቀርባል። ነገር ግን ፀሐይ በምትገባበት ጊዜ ውኃው መመለስ ጀምሯል። ስለዚህ ወደ ዋሻዎቹ አልፎ መሄድ፣ ወይም ለባሕሩ ጀርባ ሰጥቶ መንበርከክ ሞኝነት ነው። የሙላቱና የጉድለቱ ሰዓት በሰንጠረዥ ታትሞ ስለሚገኝ በዓይን ግምት መታመን አይገባም። ሙሉ ጨረቃ ታበራልናለች ብሎ ፋኖስ መተውም አይሆንም፤ ጨረቃዋ የምትወጣው ከገደሉ በስተጀርባ ነውና ደረጃው ጨለማ ይሆናል። ደረጃውም ቁልቁል ነው፤ ልጅቱ ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ እንዳታደርግ ምሥጢሩ ሳይገለጥ በዘዴ ማስታወቅ ያሻል።

የአውቶሞቢል ማቆሚያው ጠባብ ነው፤ ሲመሽም ይዘጋል። በጥር 2017 ዓ.ም. ግድም ለመሄድ አስቦ የነበረ ሰው ደግሞ መንገዱንም አላገኘም፤ በልደት ቀን በፓሊሴድስ የተነሣው ታላቅ እሳት ጎዳናውን ለብዙ ወራት አዘግቶት ነበር። ስለዚህ መንገዱና ደረጃው ክፍት መሆናቸውን በዚያው ሳምንት መጠየቅ ያስፈልጋል። እሳት እንዲህ በሚያስፈራበት አገር በአሸዋው ላይ ሻማ መደርደር የሚሉትን ጌጥ እኛ አንወደውም፤ ነፋሱም ቢሆን አያቆየውም።

ስለ መንበርከክ ብዙ ክርክር እንሰማለን። ሽማግሌዎቻችን መንበርከክን የሚያውቁት በቤተ ክርስቲያን፣ ወይም በደል የሠራ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲለምን ነው። ስለዚህ ምን አጠፋና ተንበረከከ ብለው ቢስቁ አይፈረድባቸውም። ልጅቱ በዚያ አገር ያደገች ከሆነች ግን ባለመንበርከኩ ታዝናለች፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ የጠያቂው ፈንታ ነው። ቀለበቱ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ከኪሱ አይውጣ፤ አሸዋ የዋጠውን ቀለበት በመሸ ጊዜ መፈለግ ለማንም አያምርም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን በዐለት ጀርባ ተሸሽጎ የሚጠብቀው ፎቶግራፍ አንሺ ነው። አንዳንዶቹም ጓደኞቻቸውን ሁሉ በገደሉ ላይ ይደብቃሉ። እንዲህ ከሆነ ብቸኝነቱ የት አለ? ልጅቱ ዞር ስትል ሰው ካየች፣ መልስዋ የልብዋ ይሁን የሐፍረትዋ እርስዋም አትለየውም። ፎቶግራፍ አንሺው ከላይ ከመንገዱ ዳር ይቆይ፤ እሺታዋ ከተሰማ በኋላ ቢጠራ የሚያመልጠው ነገር የለም። ዳግመኛም ልጅቱ በወጣቱ አውቶሞቢል ከከተማ ኀምሳ ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ሲመሽ፣ የስልክ መስመር በየስፍራው በማይገኝበት ዳርቻ መሆንዋን ማሰብ ይገባል። የምትመለስበት ሌላ መንገድ የሌላት ሴት በነጻነት መለሰች ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ እኅትዋ ወይም የቅርብ ጓደኛዋ በሌላ አውቶሞቢል በአቅራቢያው በሚገኝ ምግብ ቤት እንድትጠብቅ ማድረግ፣ ቦታውም ልጅቱ ከዚህ በፊት በቀን ያየችውና የወደደችው እንዲሆን መምረጥ አስተዋይነት ነው። «ላስብበት» ካለችም ወጣቱ የሚለው «እሺ፤ ብርድ ነው፤ እንሂድ» ብቻ ይሁን። በመንገድ ላይ ሙግት አያንሣ፤ ሽማግሌም ቢሆን በዚያው ቀን ደጋግሞ አያንኳኳም።

እሺ ካለች ደግሞ ሁለቱም ቶሎ ብለው ወደ አገር ቤት ስልክ ለመደወል ይቸኩላሉ። በጥር ወር አዲስ አበባ ከሎስ አንጄለስ በ11 ሰዓት ትቀድማለች፤ በዚያ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይ ጠልቃ ሳለ፣ በዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት ስልክ የሰማች እናት የምታስበው መርዶ ነው። ስለዚህ ራታቸውን በልተው፣ በእነርሱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ይደውሉ፤ ያን ጊዜ በዚህ ከጧቱ 2 ሰዓት ሆኖ ቤቱ ነቅቷል። አባትየውም ከቁርስ በኋላ የሚልካቸውን ሽማግሌዎች ስም መቁጠር ሊጀምር ይችላል።