የጀልባ ዕቃ ሣጥን ክዳን፤ መደገፊያውና ማሸጊያ ጎማው

በጣና ሐይቅ ላይ ለረጅም ዘመን ዓሣ ሲጠመድ የኖረው ከደንገል በሚታሠር ታንኳ ነው። ታንኳ ሣጥን የለውም። ጭነቱ ከላይ ይቀመጣል፤ የገባው ውኃም በደንገሉ መካከል ተመልሶ ይወርዳል። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ሲገቡ ግን ዓሣው፣ መፍቻውና የነፍስ አድን ጃኬቱ በጀልባው ሆድ ውስጥ በተሠራ ሣጥን መቀመጥ ጀመሩ። ይህም በመሆኑ የማኅበር መሪዎች ጀልባ ሲረከቡ ሞተሩን እንደሚመረምሩ ሁሉ የሣጥኑን ክዳንም ከፍተው ማየት ይገባቸዋል።

ቆሮሶ በበረዶ ውስጥ በሚገባ ከተያዘ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ያለ በረዶ በሙቀት የተተወ ዓሣ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ይበላሻል። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 80 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይወስዳል። ይህ ሙቀት ከዓሣው መወሰድ ሲገባው በክዳኑ ዙሪያ ሾልኮ ከሚገባው ሞቃት አየር ከተወሰደ፣ ለበረዶው የተከፈለው ገንዘብ በከንቱ ቀለጠ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበሉ ጀልባውን በሚመታበት ጊዜ ደግሞ ውኃ በዚያው ክፍተት ይገባል።

ለማሸጊያ የሚመረጠው ውኃ የማይመጥ፣ ሲጫኑት የሚሟሽሽና ሲለቁት ወደ ቦታው የሚመለስ የጎማ ፎም ነው። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፤ ውኃ ይመጣል፣ ይሸታል፣ እንጨቱንም ያበሰብሳል። ፎም በማይገኝበት አካባቢ የአሮጌ መኪና ካላማዳሪያ ይሠራል። ሆኖም ቀጭን ስለሆነ ጠፍጣፋውን ቢለጥፉት ዋጋ የለውም። በረጅሙ ተቆርጦ ለሁለት ይታጠፍና ሁለቱ ጠርዞቹ ባንድነት ይመታሉ፤ የታጠፈው ወገን እንደ ቱቦ ተነፍቶ ስለሚቀር ክዳኑ ሲጫነው ያሽጋል።

ማስቲሽ ከመቀባቱ በፊት አሮጌው ሙጫና ቅባቱ ተፍቆ መድረቅ አለበት። ብዙዎች ይህን ስለሚዘሉ ጎማው በወሩ ይላቀቃል። ጎማው ሳይለጠጥ ይለጠፋል፤ የተለጠጠ ጎማ ሲመለስ በማዕዘኑ ላይ ክፍተት ይተዋል። መጋጠሚያው አንድ ቦታ ብቻ ሆኖ በማጠፊያው በኩል ቢውል ይመረጣል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ክዳኑ ሲዘጋ ወደ 8 ወይም 9 ሚሊ ሜትር መውረድ ይኖርበታል። የክዳኑ ክብደት ብቻውን ይህን አያደርግም፤ ወደ ታች የሚስብ መቀርቀሪያ ያስፈልጋል። ሥራውን ለመፈተን የሣጥኑን ከንፈር በጠመኔ መቀባትና ክዳኑን ዘግቶ መክፈት ይበቃል። በጎማው ላይ የጠመኔው መስመር የተቋረጠበት ቦታ ውኃ የሚገባበት ነው።

ስለ መደገፊያው ብዙ አይወራም፤ ጣት የሚጨፈለቀው ግን እዚህ ላይ ነው። ጀልባ በማዕበል ሲወዛወዝ በእጅ የተያዘ ወይም በመቅዘፊያ የተደገፈ ክዳን ድንገት ይወድቃል። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 6 ኪሎ የሆነ ክዳን እንውሰድ። ድጋፉ በጫፉ በኩል ከሆነ የሚሸከመው 3 ኪሎ ያህል ነው። ከማጠፊያው በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ግን ሸክሙ 9 ኪሎ ይሆናል፤ ድጋፉ ወደ ጎን ካዘመመ ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ ደካማ ብሎን ከማጠፊያው አጠገብ መምታት ክዳኑን ከነድጋፉ ማጣት ነው።

በትንንሽ መኪናዎች የኋላ በር ላይ እንደሚታየው ያለ በጋዝ የሚሠራ ዘንግ ምቹ ቢሆንም፣ ዋጋው ከፍ ያለና ዝገት የሚጎዳው ነው። ከተገዛም ክዳኑ ሲዘጋ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች እንዲያይ ሆኖ ይታሠር፤ ያለበለዚያ የውስጡ ማሸጊያ ዘይት አጥቶ ይደርቃል። በውስጡ የታመቀ ጋዝ ስላለ ሲበላሽ መብሳትም ሆነ እሳት ውስጥ መጣል ክልክል ነው። ለአብዛኛው ጀልባ በማጠፊያ የተያያዘና ጫፉ በጎድጎድ ውስጥ የሚቆለፍ የእንጨት ድጋፍ ይበቃል። ከዚህ ጋር አጭር ሰንሰለት መጨመር ነፋስ ክዳኑን ወደ ኋላ ገልብጦ ማጠፊያውን እንዳይነቅለው ያግዳል።

የቤንዚን ጀሪካን ግን በእንዲህ ያለ በታሸገ ሣጥን ፈጽሞ አይቀመጥ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ከሣጥኑ ሥር ይከማችና ክዳኑ ሲከፈት ከሞተሩ ወይም ከሲጋራ በተነሳ ትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ቤንዚን ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ታሥሮና ከዓሣው ርቆ ይቀመጥ።

የዓሣው ሣጥን ከሥሩ መውረጃ ቀዳዳና መወተፊያ ሊኖረው ይገባል፤ ዓሣ በቀለጠ በረዶ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ ከዋለ ይልማል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኑ ፀሐዩ ጎማን ቶሎ ይሰነጥቃል። ስለሆነም ዕቃ ጠባቂው ጎማውን በየወሩ በጣቱ እየዳሰሰ ቢያይና አንድ ዙር የሚሆን መለወጫ በግምጃ ቤት ቢይዝ ጀልባው ለአንድ ጎማ ሲል ሥራ አይፈታም።