ሕፃኑ በራሱ እጅ ሲበላ

በአገራችን አንድ ሕፃን ስድስት ወር ሞላው ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን እናብላው?» የሚል ነው። አጥሚት የሚል አለ፣ ገንፎ የሚል አለ፣ የተፈጨ ድንች በካሮት የሚል አለ፣ ከሱቅ ዱቄት ይገዛ የሚልም አይጠፋም። «ማን ያብላው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። መልሱ የታወቀ ነዋ! እናት፣ አያት ወይም የቤት ሠራተኛ ማንኪያውን ይዛ ታበላዋለች። ሕፃኑ ራሱን ይመግብ የሚል ሰው ቢመጣ መሳቂያ ይሆናል።

እንዲህ የሚሉ ሰዎች ግን አሉ፤ ቁጥራቸውም ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ሐሳቡ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለኛ ቤትስ ይሆናል ወይ የሚለውን ለማየት እሞክራለሁ። ጉዳዩ ለኔ የወሬ ማሟያ አይደለም። ታላቅ እህቴ ልጇን ምግብ ስታስጀምር በዚሁ ነገር ከእናታችን ጋር ተኳርፈው ነበርና «የተማረ አንብቦ ይንገረን» ተብዬ ነው ንባቡን የጀመርኩት።

ነገሩ ምንድን ነው?

እንግሊዞች ቤቢ ሌድ ዊኒንግ ይሉታል። በአማርኛ በሕፃኑ የሚመራ የምግብ አጀማመር ልንለው እንችላለን። አሠራሩ ቀላል ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር ሞልቶት፣ ጭንቅላቱን አጽንቶ፣ ትንሽ ተደግፎ መቀመጥ ሲችልና ምግብ ሲያይ እጁን ሲዘረጋ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ማዕድ ይቀርባል። የተፈጨና የቀጠነ ነገር በማንኪያ ከመስጠት ይልቅ በደንብ የበሰለ ድንች፣ ዱባ ወይም ካሮት፣ የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶ በጣት ቁመት ተቆርጦ ፊቱ ይቀመጥለታል። ያነሳል፣ ይጨምቃል፣ ይልሳል፣ ይጥላል፤ ሲፈልግ ይበላል። ጡት መጥባቱ ግን እንደ ወትሮው ይቀጥላል።

ቁመቱ የጣት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የስድስት ወር ልጅ የሚይዘው በመዳፉ ጠቅልሎ ነው፤ በጡጫው የያዘውን መብላት አይችልም። ስለዚህ ከጡጫው በላይ የሚተርፍ ጫፍ ያስፈልገዋል። ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መቆንጠር ሲጀምር ትናንሽ ነገሮችንም ማንሳት ይችላል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ስያሜውን በሰፊው ያስተዋወቁት ጊል ራፕሊ የተባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችንና ሕፃናትን በሚከታተል የጤና ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ በ2008 ከትሬሲ መርኬት ጋር ሆነው ስለዚሁ አመጋገብ መጽሐፍ አሳተሙ።

የሴትዮዋ መከራከሪያ ልብ የሚባል ነው። ቀደም ሲል በእንግሊዝ ልጆች ምግብ የሚጀምሩት ገና በሦስትና በአራት ወራቸው ነበር። በዚያ ዕድሜ ልጅ አይቀመጥም፣ አያኝክም። ስለዚህ ፈጭቶና አቅጥኖ በማንኪያ ከመስጠት ሌላ አማራጭ አልነበረም። የዓለም ጤና ጉባዔ እ.ኤ.አ በ2001 ሕፃናት እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥቡ ብሎ ሲያጸና፣ የእንግሊዝ ጤና መሥሪያ ቤትም በ2003 ያንኑ ሲቀበል ነገሩ ተለወጠ። የስድስት ወር ልጅ መቀመጥም፣ መያዝም፣ ወደ አፉ መውሰድም ይጀምራል። ታዲያ ለሦስት ወር ሕፃን የተበጀው የአመጋገብ ዘዴ ለምን ይቀጥላል? ጥያቄያቸው ይኸው ነው።

ሐሳቡ ከዚያ በፊትም ዘመድ አለው። ክላራ ዴቪስ የተባሉ አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪም በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጡት የተዉ 15 ሕፃናትን በአንድ ቦታ እያሳደጉ ያሻቸውን እንዲመርጡ አደረጉ። በዝርዝሩ ውስጥ 34 ዓይነት ምግቦች ነበሩ። ነርሶቹ ማንኪያ ይዘው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ሕፃኑ ካልጠቆመ ወይም እጁን ካልዘረጋ አያቀርቡም፤ «ይኼን ብላ» ማለት ክልክል ነው። ለቁርሱ ጉበትና የብርቱካን ጭማቂ የመረጠ ልጅ ነበር። ልጆቹ ግን ጤነኛ ሆነው አደጉ።

ይህ ጥናት ብዙ ጊዜ «ልጅ የሚያስፈልገውን ራሱ ያውቃል» ለማለት ይጠቀሳል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያለብን ይመስለኛል። በ34ቱ ምግቦች ውስጥ ስኳር አልነበረም፤ ብስኩት አልነበረም። ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ፍራፍሬ፣ አትክልትና እህል ነው የነበረው። ዴቪስ ራሳቸው እ.ኤ.አ በ1939 እንደጻፉት የሙከራው ምስጢር ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። ምን ያህል እንደሚበላ የወሰነው ሕፃኑ ነው፤ ምን እንደሚቀርብ የወሰኑት ግን ትልልቆቹ ናቸው። ሁለተኛውን ግማሽ ጥሎ የመጀመሪያውን ብቻ ያወራ ዘጋቢ አልዋሸም፤ አንባቢውን ግን ያሳስታል።

የእናቴ ሦስት ጥያቄዎች

እህቴ ልጇ ማንኪያ ሲያይ ፊቱን እያዞረ ስላስቸገራት የተቀቀለ ድንች በእጁ ሰጠችው። እናቴ ይህን ስታይ እሳት ጎረሰች። «ልጁ በረሃብ ያልቅብሻል! ደግሞ ቢያንቀውስ?» እህቴም «እማዬ፣ አፉን ፈልቅቄ ስግተው እኮ ነው የሚያስመልሰው» አለች። ነገሩን ሳነብ የገረመኝ እናቴ ያነሳቻቸው ሦስት ጥያቄዎች ተመራማሪዎችም የሚያነሷቸው መሆናቸው ነው።

አንደኛው «ያንቀዋል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሁለት የሚምታቱ ነገሮች አሉ። ሕፃን ምግብ ወደ ጉሮሮው ሲጠጋበት ሊያስመልሰው እንደሚል ሰው ያደርገዋል፤ ድምፅ ያወጣል፣ ምላሱን ይገፋል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ያስደነግጣል እንጂ የተፈጥሮ መከላከያው ነው። መታነቅ ግን ሌላ ነው። የታነቀ ልጅ ድምፁ ይጠፋል፣ ማሳልም ማልቀስም ያቅተዋል፣ ከንፈሩና ፊቱ ይጠቁራል።

በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 206 እናቶችን በዕጣ ከሁለት ከፍለው ይህን አጥንተዋል። ግማሾቹ እንደተለመደው በማንኪያ፣ ግማሾቹ ደግሞ ልዩ ምክር እየተሰጣቸው ልጁ በራሱ እጅ እንዲበላ አደረጉ። እ.ኤ.አ በ2016 በወጣው ውጤት መሠረት ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ 35 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት ቢያንስ አንድ ጊዜ ታንቀዋል፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ማለትም አደጋው በእጅም በማንኪያም አለ። የሚያሳስበው በሁለቱም ወገን ብዙ ሕፃናት ሊያንቃቸው የሚችል ምግብ የተሰጣቸው መሆኑ ነው። ወደኛ ስናመጣው ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ጥሬ ካሮት፣ ያልላመ ንፍሮና ከረሜላ ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጡም።

ሁለተኛው «አይጠግብም» የሚለው ነው። በኔ እምነት ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ጡት በደንብ የሚጠባ ልጅ ከስድስት እስከ ስምንት ወሩ ከምግብ የሚፈልገው ኃይል በአማካይ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር 300፣ ከዓመት በኋላ 550 ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢበላ ጡቱ ይሸፍንለታል፤ እያደር ግን ጡት ብቻውን አይበቃም። ሌላው የብረት ማዕድን ነው። ሕፃኑ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው ብረት ስድስት ወር አካባቢ ላይ እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለው ደግሞ ጥቂት ነው። ካሮት ሲልስ የሚውል ልጅ ብረት አያገኝም።

የኒውዚላንዶቹ ይህን ስላወቁ በየማዕዱ አንድ ብረት ያለው ምግብና አንድ ኃይል ሰጪ ምግብ እንዲቀርብ መክረው ነበር። በክብደትም ሆነ በብረት መጠን ከሌሎቹ ልጆች ያነሱ ሆነው አልተገኙም፤ እንዲያውም በዓመታቸው ምግብ የማማረጥ ጠባያቸው ያነሰ ነበር። ይሁንና እነዚያ እናቶች ሥጋው ከቤታቸው የማይጠፋ፣ ምክሩም ደጃቸው ድረስ የመጣላቸው ናቸው። በኛ አገር እ.ኤ.አ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ውስጥ ዓይነቱም ድግግሞሹም ዝቅተኛውን መስፈርት የሚያሟላ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። የመቀንጨር ችግር እ.ኤ.አ በ2000 ከነበረበት 58 በመቶ በ2019 ወደ 37 በመቶ ዝቅ ቢልም አሁንም ብዙ ነው። በዚህ ሁኔታ «ልጁ ይምረጥ» ብሎ አንድ ቁራጭ ድንች ሰጥቶ ዞር ማለት አያስኬድም።

በዚያው ልክ የኛም ልማድ ጥያቄ ይነሳበታል። አጥሚቱ ይቀጥናል፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይሉ ትንሽ ነው። ቤቱ ሲጾም ድስቱም ይጾማል፤ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የጾም ግዴታ ባይኖርበትም እንቁላልና ወተት ሳያገኝ ይከርማል። እኛ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ሆነን ሳለ ሕፃኑ እጁን ወደ ሳህኑ ሲሰድ እጁን እንይዘዋለን፤ አልፎ ተርፎም እንግተዋለን። መጋት ደግሞ ራሱ ትን ያስብላል፤ ልጁም ምግብን ከትግል ጋር እንዲያያይዘው ያደርጋል።

ሦስተኛው «እህል ይደፋል» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በፈረንጆቹ ጽሑፎች ውስጥ ስለ መጥረግና ስለ ማጠብ ሲወራ ነው የምናገኘው። በኛ ቤት ግን እህል መሬት መጣል ነውር ነው፤ ኑሮውም ውድ ነው። የወደቀውን አንስቶ መስጠት ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል። መፍትሔው ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ማቅረብ፣ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ ማንጠፍና የልጁንም የአብዪውንም እጅ በሳሙና መታጠብ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም የሚታለፍ አይደለም።

ታዲያ እንዴት ይደረግ?

ካነበብኩት ተነስቼ ለኛ ቤት የሚስማማው ሁለቱን ማቀናጀት ነው እላለሁ። ወፈር ያለ ገንፎ በማንኪያ፣ ጎን ለጎን ደግሞ በእጁ የሚይዘው ነገር። በተግባር እንዲህ ነው፦

ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይቅረብለት። የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ገበታ ሲቋደስ ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ይሁን፤ የተፈጨ ምስር ወይም ክክ፣ እንቁላል ሲገኝም በደንብ የበሰለና የደቀቀ ጉበት ይግባበት። በእጁ የሚሰጠው ነገር በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚላም ይሁን። በርበሬና ጨው ሳይገባ የልጁ ድርሻ አስቀድሞ ይነሳለት። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ፤ ለሕፃን አደገኛ የሆነ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ለአፍታም ብቻውን አይተው፤ ወንድምና እህቶቹም አፉ ውስጥ አያጉርሱት። አፉን ከዘጋ ወይም ፊቱን ካዞረ በቅቶታል ማለት ነው።

ከታነቀ ደግሞ ጣት አስገብቶ ሳያዩ መፈለግ ነገሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ዓመት ያልሞላውን ልጅ በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ በትከሻዎቹ መሐል በመዳፍ 5 ጊዜ መምታት፤ ካልወጣ ገልብጦ ደረቱን መሐሉ ላይ 5 ጊዜ መጫን፤ ይህንኑ እያፈራረቁ እርዳታ መጥራት። አሠራሩን አስቀድሞ ከጤና ባለሙያ በዓይን አይቶ መማር ይሻላል። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ ወይም የታመመ ልጅ ካለ ደግሞ ማንኛውንም ለውጥ ከማድረግ በፊት ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማማከር ግድ ነው።

በኛ ቤት ኩርፊያው በዚሁ መንገድ በርዷል። እናቴ ገንፎውን ወፈር አድርጋ ታገነፋለች፤ እህቴ ማንኪያውን ትይዛለች፤ ልጁም በአንድ እጁ ድንቹን ይዞ በሌላው ማንኪያውን ይቀማታል።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ማንኪያ ወይስ እጅ የሚለው አይደለም። ምን ይቅረብ የሚለው የትልቅ ሰው ኃላፊነት ነው፤ ምን ያህል ልብላ የሚለው የሕፃኑ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የራሳችንን ድርሻ ትተን የሱን እንቀማዋለን፤ ቀጭን አጥሚት አቅርበን በግድ እንግተዋለን። ነገ በሬዲዮም ሆነ በጋዜጣ የጤና ዓምድ የምንይዝ ልጆች ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ስናገኝ «ዘመናዊ ነው» ብለን ሳናሞግስ፣ «የፈረንጅ ቅብጠት» ብለንም ሳናጣጥል ምን ሲሟላለት እንደሠራ እንጠይቅ። እናቶቻችን የሚያነሱትን ጥያቄም ይዘን እንሂድ፤ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። ቸር እንሰንብት።