ቀይ ወይን በበርበሬ ማዕድ

ጉደር የተባለውን ቀይ ወይን በኮካ ቀላቅሎ የሚጠጣ ሰው ወይን እናውቃለን በሚሉት ዘንድ ይሳቅበታል። እኔ አልስቅም። ዶሮ ወጥ እየበላ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር መፈለጉ ትክክል ነው፤ ኮካው ብቻ ነው የበዛው።

ቀይ ወይን ቀለሙን የሚያገኘው ጭማቂው ከፍሬው ልጣጭ ጋር ሲብላላ ነው። ከልጣጩና ከዘሩ ታኒንም አብሮ ይወጣል። ታኒን በምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ፣ ብዙ የፈላ ጥቁር ሻይ እንደሚያደርገው ድድና ምላስን ያኮማትራል። ሥጋና ቅቤ ከቀደሙት ግን ይለዝባል። ሚጥሚጣው ያልበዛበት ክትፎ ወይም የጥብስ ሥጋ ጠንከር ካለ ካበርኔ ሶቪኞን ወይም ሲራ ጋር የሚስማማው ለዚህ ነው።

በርበሬ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። አልኮል ማቃጠሉን ያባብሰዋል፣ ታኒኑም ይጎረብጣል፤ ስኳርና ቅዝቃዜ ደግሞ ያስታግሱታል። እንጀራም የራሱ ጣጣ አለው፦ ምግቡ ከወይኑ በላይ ከኮመጠጠ ወይኑ ውሃ ውሃ ይላል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ የምመርጠው አልኮሉ ያልበዛ፣ ታኒኑ ለስላሳ፣ ትንሽ ጣፈጥ ያለ ወይን ነው።

እንዲህ ያለውን ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ባቱ (ዝዋይ) አጠገብ፣ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ተክሎ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን በ2006 ዓ.ም. ለገበያ አቅርቧል። ሪፍት ቫሊ የሚለው ስም ከወይኑ ዘር ጋር ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ አካሺያ የሚለው ሌላው ምርቱ ደግሞ መካከለኛ ጣፋጭ ቀይ አለው፣ ለበርበሬ የሚሆነው እሱ ነው። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደር ደረቅ ሲሆን አክሱማይት ጣፋጭ ነው። አክሱማይት ለብቻው ሲጠጣ ይከብደኛል፤ ከሚያቃጥል ቀይ ወጥ ጋር ግን ሌላ መጠጥ ይሆናል።

ቀይ ወይን በቤቱ ሙቀት ይጠጣ የሚለው ምክር የድሮዎቹን ቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤቶች ያሰበ ነው። ድሬዳዋ ላይ በዚያ ምክር የቀረበ ወይን አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸተው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃል፤ ለበርበሬ ከዚያም ዝቅ ቢል አይጎዳም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው።

ስትቀምሱ ብርጭቆውን እስከ ሲሶው ብቻ ቅዱ፤ ሽታው የሚጠራቀምበት ቦታ ይፈልጋል። አዙሩት፣ አሽትቱት። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል፣ ማስታመም አያስፈልግም። ካልሸተተ አንድ ጉንጭ ያዙና አፋችሁ የሚሆነውን አስተውሉ፦ ምራቅ ካመጣ አሲዱ ነው፣ ድድ ካደረቀ ታኒኑ፣ ጉሮሮ ካሞቀ አልኮሉ። ከዚያ አንድ ጉርሻ ጎርሳችሁ እንደገና ቅመሱ። ሁለተኛው ጉንጭ ከመጀመሪያው ከከፋ ወይኑን ለነገ ጥብስ አቆዩትና ሌላ ክፈቱ።

በጾም ሽሮ ላይ ታኒኑን የሚያለዝብ ሥጋም ቅቤም ስለሌለ ለስላሳ መርሎ ይሻላል። የተረፈውን በቡሹ ከድናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።