ሳያሳምም የሚሰርቅ፦ የስኳር ሕመምና የዐይን ብርሃን

ዕድሜ ልካቸውን ድጓ ሲያነቡ የኖሩ አባት ፊደሉ ሲደበዝዝባቸው «እርጅና ነው» ብለው መነጽር ያፈላልጋሉ። የስኳር ሕመም ካለባቸው ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ በዐይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ያለ አንዳች ምልክት ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ምእመናንን ለሚመክሩ ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ነገሩን በአጭሩ ልናስረዳ ወደድን።

በዐይናችን ውስጥ፣ ከበስተ ጀርባ፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያስተላልፍ ስስ መጋረጃ አለ፤ ሐኪሞች ሬቲና ይሉታል። ይህ መጋረጃ የሚመገበው እጅግ በቀጠኑ የደም ሥሮች ነው። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ እነዚህ ሥሮች ይዳከማሉ፤ አንዳንዶቹ ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ ሌሎቹ ይደፈናሉ። ፈሳሹ የመጋረጃውን ማዕከል ሲያሳብጠው ማንበብ ያስቸግራል፤ ፊደሉም የተጣመመ መስሎ ይታያል። ደም ባጣው ክፍል ላይ ደግሞ አዳዲስ ሥሮች ይበቅላሉ፤ እነርሱም ደካሞች ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ፤ ጠባሳቸውም መጋረጃውን ስቦ ሊያላቅቀው ይችላል። ከዚህም ሌላ የዐይን ሞራ በስኳር ሕሙማን ላይ ቀደም ብሎ ይከሠታል።

የደም ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል እይታ ለጊዜው ሊለዋወጥ ይችላል። ስለዚህ ስኳሩ ሳይረጋጋ የተገዛ መነጽር ብዙ ጊዜ አያገለግልም።

ጉዳቱን መከላከል ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመው፣ በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የዐይነት አንድ ስኳር ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ጉዳቱ ገና ካልጀመራቸው መካከል ስኳራቸውን አጥብቀው በተቆጣጠሩት ላይ የመከሠት ዕድሉ በ76 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የደም ግፊትን መቆጣጠርም ይረዳል። ጉዳቱ በጊዜ ከተደረሰበት በሌዘር ወይም በዐይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ይገታል፤ አንዴ የጠፋውን ብርሃን መመለስ ግን ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ስለዚህ ምርመራው መደረግ ያለበት ዐይን ደኅና ሳለ ነው። የዐይነት ሁለት ሕመምተኛ ሕመሙ እንደታወቀ፣ የዐይነት አንድ ሕመምተኛ ደግሞ በ5 ዓመት ጊዜ ውስጥ ይመርመር፤ ከዚያም ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በየዓመቱ ይመለስ። የስኳር ሕመም ያለባት እናት ስትፀንስ ምርመራውን አታዘግይ። በምርመራው ጊዜ በሚጨመረው ጠብታ እይታ ለጥቂት ሰዓታት ስለሚደበዝዝ አጃቢ ያስፈልጋል። በድንገት ጥቁር ነጠብጣብ፣ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚጋርድ ጥላ የታየው ሰው በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ።

ሰበካ ጉባኤያት ይህን ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቢያስነግሩ፣ ለአረጋውያንም አጃቢና የመጓጓዣ ወጪ ቢያዘጋጁ የብዙዎችን ብርሃን ይታደጋሉ። የንስሐ አባቶችም ልጆቻቸውን «ዘንድሮ ዐይንህን ተመርምረሃልን?» ብለው ይጠይቁ። ቤተ ክርስቲያናችን ለሕሙማን የጾምን ሥርዓት ታቀልላለች፤ በመርፌ ወይም በክኒን የሚታከም ሰው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ሳይመክር እህል ውኃ ሳይቀምስ አይዋል። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ «መድኃኒቱን ተው» የሚል ምክርም ከእኛ ከአገልጋዮች አንደበት ፈጽሞ ሊወጣ አይገባም።