ጠጅና መብል እንዲስማሙ

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ፣ ማዕድ ሲዘረጋ ጠጁ የቤቱ ክብር ነው። ሆኖም መጠጡ ከመብሉ ጋራ መስማማቱ ሊታሰብበት ይገባል።

ለዚህም የኦስትርያ ሰዎች ልማድ መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ግሩነር ፌልትሊነር የሚባለውን፣ የቁንዶ በርበሬ ቃና ያለበትን ነጭ የወይን ጠጅ በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ ከተጠበሰ የጥጃ ሥጋ ጋራ ያቀርቡታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. ከሁለት የወይን ዘር ተዳቅሎ የተገኘውን ጽቫይገልት የተባለ ቀይ የወይን ጠጅ ደግሞ ለጥብስ ሥጋ ያቀርቡታል።

በእኛም ዘንድ ብዙ ቀን የሰነበተና ጣፋጭነቱ ያለቀ ደረቅ ጠጅ ለጮማ ሥጋ ይስማማል፤ ጣፋጭነቱ ገና ያልጠፋው ለጋ ጠጅ የዶሮ ወጥን በርበሬ ያበርዳል፤ ጌሾ ሳይገባበት ወዲያው የሚጠጣው ብርዝ ለልጆች ይሆናል።

ነገር ግን ይህ ምርጫ ሁሉ የቆመው በንጹሕ ማር ላይ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. አንዳንድ የኦስትርያ ነጋዴዎች የወይን ጠጃቸው የጣፈጠ እንዲመስል ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዛም ነገር ቀላቅለው ስለ ተገኙ የአገሪቱ የወይን ንግድ ወደቀ፤ መንግሥቱም በዚያው ዓመት ጽኑ ሕግ አወጣ፤ የጠፋውን ስም ለማቅናት ግን ብዙ ዘመን ፈጀ። ስኳርን በማር ስም የሚጥል ሰውም የጎጃምን ማር ስም እንዲሁ ያጠፋል።

ስለዚህ እንግዳ በምንቀበልበት ጊዜ አስቀድመን ማሩን እንመርምር፤ ከዚያ በኋላ ጠጁን ከወጡ ጋራ እናስማማ።