የበግ ዘረመል የሚያነበው ማሽን እንዴት ይሠራል? ስንትስ ያስወጣል?

በመንዝ፣ በዘመሮና በአካባቢው አውራ በግ የሚመረጠው በቁመናው፣ በጠጉሩና በእናቱ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የመንዝ አርቢዎች ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ጋር ሆነው የጠቦቶችን ክብደት እየመዘገቡ ይመርጣሉ። በዚህ ላይ ጂኖም ማንበብም ሊጨመር ይችላል። ጂኖም ማለት የአንድ ፍጡር ሙሉ የዘር መመሪያ ነው። የበግ ጂኖም ከ2.5 ቢሊዮን በላይ “ፊደላት” አሉት።

ታዲያ ማሽኑ እንዴት ያነበዋል? ከደም ወይም ከጆሮ ቁራጭ የወጣው ዘረመል ተቆራርጦ ስስ መስታወት ላይ ይጣበቃል። ፓምፕ ቀለም ያለው ኬሚካል ይልካል። አንድ ፊደል ሲጨመር ቦታው ያበራል፤ ካሜራ ያነሳዋል። ከዚያ ይታጠብና ቀጣዩ ፊደል ይመጣል። 150 ፊደል ለማንበብ 150 ዙር ያስፈልጋል። ይህን ዘዴ ያሳደገው በ1998 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተመሠረተው ሶሌክሳ የተባለ ጀማሪ ኩባንያ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ኢሉሚና የተባለው ኩባንያ ገዛው።

በማሽኑ ላይ የሜካኒካል መሐንዲስ ድርሻ ምንድን ነው? በየዙሩ መስታወቱ ወደ ቀድሞ ቦታው በትክክል መመለስ አለበት። 10 ሴንቲሜትር አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሙቀት ብቻ 2.3 ማይክሮሜትር ይረዝማል፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ይህቺ ትንሽ መዛነፍ ምስሉን ታደበዝዛለች። ቱቦ ውስጥ የገባ አረፋም ኬሚካሉን ያግዳል። ይህን ሁሉ መከላከል የመሐንዲሱ ሥራ ነው።

ደጋው ለውጥ ያመጣል? አዎ። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያ ማሽኑን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ አረፋም ቶሎ ይፈጠራል። የብዙ ላብራቶሪ መሣሪያዎች የተለመደ ወሰን 2000 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ ከዚህ በላይ ናት። ስለዚህ ገዢ ከዋጋው በፊት ከፍታውን ይጠይቅ።

ዋጋውስ? የመጀመሪያው የሰው ጂኖም ፕሮጀክት 13 ዓመትና 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። ዛሬ በትልልቅ ላብራቶሪዎች የአንድ ሰው ጂኖም በ1000 ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ይነበባል። የትልልቅ ማሽኖች ዋጋ ግን አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ኬሚካሉ፣ ጥገናውና የማይቋረጥ መብራቱ ለብቻ ይታሰባሉ።

ታዲያ ዘመሮ ማሽን መግዛት አለባት? የለባትም። ናሙናው ወደ ላብራቶሪ ይላካል። ከእርስዎ ከአርቢው የሚጠበቀው መዝገብ ነው፤ ጠቦቱ መቼ ተወለደ፣ አባቱ ማን ነው፣ ስንት ኪሎ መዘነ። የተነበበው ፊደል ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ መዝገብ ጋር ሲተያይ ነውና መዝገብዎን ዛሬውኑ ይጀምሩ።